የአባቴን አሮጌ ፒክአፕ ላድሳት ወይስ እንዳለች ልሽጣት?

የዛሬው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባታችን ካረፈ በኋላ ለሦስት ልጆቹ አንዲት ፒክአፕ ቀረችልን። በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 45 ናት። ለብዙ ዓመት ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሞተሯ አይዞርም። በሯ ላይ አባቴ በእጅ ያጻፈው የሱቁ ስም ግማሹ ለቆ ይታያል። አንድ ቀለም ቀቢ ‹ሁሉንም ገፍፌ ከፋብሪካ የወጣች አስመስልልሻለሁ› አለኝ። አንድ ገዢ ደግሞ ‹ይቺ ብረት ናት፣ በብረት ዋጋ ልገላግልሽ› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ ታድሳ በደንብ ትሸጥ ይላል። ታላቅ እህቴ ዛሬውኑ ተሸጣ ብሩን እንካፈል ትላለች። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። መንዳት እንጂ መጠገን አላውቅም፤ ግን ለመማር አልሰንፍም። ከየት ልጀምር? ስሸጣትስ እንዳልታለል ምን ላድርግ? — መሀል የቀረሁት»

እህቴ፣

ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እስካሁን ምንም አለመንካትሽ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው በቆመችባቸው ዓመታት ሳይሆን «ልናድሳት ነው» ተብሎ በተጀመረ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሻንሲዋን፣ ማለትም ቦዲውና ሞተሩ የሚያርፉበትን የሥር ብረት፣ አስመርምሪ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሯን አስነሺ፣ ፍሬኗን ሙሉ በሙሉ አሠሪ፣ የሚያፈሰውን አስቁሚ፣ አጥበሽ አጽጃት። ቀለሟን ግን አትንኪ። ከዚያ የሠራሽውንም ያልሠራሽውንም ገልጠሽ ሽጫት። ሻንሲው የበሰበሰ ከሆነ ደግሞ ምንም ገንዘብ ሳታወጪ፣ ችግሩን ተናግረሽ፣ እንዳለች ሽጫት። በወንድምሽና በእህትሽ መሀል ያለው መንገድ ይሄ ነው። መሀል መቅረትሽ ልክ ነው ማለት ነው።

ያ «በብረት ዋጋ» ያለሽን ሰው ለጊዜው እርሺው። የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመረቱ ናቸው። ዛሬ በብዙ አገር ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው መኪኖች ሆነዋል። ፒክአፖቹ ለሥራ የተገዙ ስለነበሩ አብዛኞቹ ሲጭኑ ኖረው፣ እዚያው አልቀዋል። ያንቺ ግን ቆማለች። ያ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ አይፈልግም። ወረቀት ነው።

መኪናዋ እስካሁን በአባታችሁ ስም ከሆነች እሷን መሸጥ አትችሉም። መጀመሪያ የውርሱን ጉዳይ ጨርሱ። የባለቤትነት ደብተሩ የጠፋ ከሆነ ምትክ ለማውጣት የሚወስደውን ጊዜ አሁኑኑ ጀምሪው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ገዢ መጥቶ፣ በወረቀት ምክንያት ወራት መጠበቅ ገዢውን ያባርራል።

ከዚያ በደብተሩ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አስተያዪ። በዚህ ሞዴል ቁጥሩ የሚገኘው ከፊት በቀኝ በኩል፣ በሻንሲው ጎን ላይ ተቀርጾ ነው። ጭቃና ቅባት ሸፍኖት ይሆናል። በለስላሳ ብሩሽና በቀለም ማቅጠኛ እያሻሸሽ አውጪው። በመፋቂያ ድንጋይ ወይም በግራይንደር እንዳትነኪው! ቁጥሩ ከሳሳ ወይም ከጠፋ መኪናዋ በሕግ ዓይን ማንነቷ የማይታወቅ ትሆናለች። ሞተር ክፍሉ ውስጥ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የብረት ሰሌዳም አለ። እሱንም ፎቶ አንሺው። ቁጥሮቹ ከደብተሩ ጋር ካልተስማሙ ሥራውን አቁሚና ለሚመለከተው አካል አሳውቂ። «እኔ አስተካክዬ እመታልሻለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው። የሻንሲ ቁጥር መቀየር ወንጀል ነው።

ሌላው ወረቀት በሦስታችሁ መካከል የሚፈረመው ነው። ይሄን ስልሽ ቤተሰባችሁን ተጠራጥሬ አይደለም። እድሳት ሲጀመር ወጪ ይፈለፈላል። ዛሬ ጎማ፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ማንም ያላሰበው ነገር ይመጣል። ስለዚህ አራት ነገር ጻፉ፦ ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉት ገንዘብ፣ ማን እንደሚያወጣ፣ ያወጣው ሰው ከሽያጩ ላይ መጀመሪያ ወጪውን አንስቶ ቀሪውን እንደምትካፈሉ፣ እስከ መቼ ካልተጠናቀቀ እንዳለች እንደምትሸጥ። የመጨረሻው ለታላቅ እህትሽ ነው። ማለቂያው የታወቀ ነገር መጠበቅ ትችላለች።

ቀጥሎ ሻንሲ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለሽ ሥሪው።

መኪናዋን በክሪክ አንስተሽ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፊያት። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ እንዳይገባ። ከዚያ አነስተኛ መዶሻ ያዢና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ኳ ኳ እያደረግሽ ሂጂ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ አለው። በተጠራጠርሽበት ቦታ ሁሉ በካቻቪቴ ጫን አድርጊ። ከገባ ተበልቷል። በተለይ የባሌስትራ መያዣዎቹን፣ የኋላውን ተሻጋሪ ብረት፣ ካቢኑ ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች እይ። ጭቃ ተጠራቅሞ ውሃ ይዞ የሚያድረው እነዚህ ጋ ነው።

ሻንሲው ተጣሞ እንደሆነም ማወቅ ይቻላል። ከፊት በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ሁለት ነጥብ ምረጪ። ከኋላም እንዲሁ። ከዚያ በሜትር አግድም በመስቀል ለኪ፦ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ ልኬት መቀራረብ አለባቸው። በግልጽ ከተለያዩ ሻንሲው ተጣሟል ማለት ነው፤ ምናልባት መኪናዋ አንድ ጊዜ ተጋጭታ ይሆናል። ይህን የሚያረጋግጥልሽ የሻንሲ ባለሙያ ነው፤ ግን አንቺ ለክተሽ ከሄድሽ የሚነግርሽን መመዘን ትችያለሽ።

ሻንሲው እዚህም እዚያም ላዩን ዝጎ ውስጡ ጤነኛ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ቀዳዳ ካለው ሙያውን የሚያውቅ በያጅ አዲስ ብረት ቆርጦ ይተካዋል። ላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ግን መፍትሔ አይደለም። ዝገቱን ሸፍኖ ከውስጥ እንዲቀጥል ያደርገዋል። ገዢ ሲያየው ደግሞ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያስባል፤ እውነቱንም ነው። የባሌስትራ መያዣዎቹ ሁሉ የላሉ፣ ብረቱም በብዙ ቦታ የሚፈረፈር ከሆነ ግን እዚሁ አቁሚ።

እንግዲህ ሻንሲው አለፈ እንበል። ሞተሩ «አይዞርም» ብለሻል። አይነሳም ማለትሽ ነው ወይስ ጭራሽ በእጅም አይንቀሳቀስም? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የአባትሽ መኪና ሞተር ስድስት ፒስተን በአንድ መስመር የተደረደሩበት 3.9 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ካርቡሬተር አለው፣ ኮምፒውተር የለውም። ቀላልና ታጋሽ ሞተር ነው። ለዓመታት ቆሞ ቢጣበቅም ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን በጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) «እስኪ እንሞክራት» የሚል ጎረቤት ከመጣ ቁልፉን ደብቂ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ከተጣበቀ በሞተሪኖ ማስገደድ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራል፣ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ገና በነፃ የነበረው ችግር ውድ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ዘይት ተመልከቺ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ ስድስቱንም ካንዴላ አውጪ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አድርጊ። በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ የሚሰርጽ ዘይት ጨምሪ። ብዙ መካኒኮች አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ። አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ሲጋራም ሆነ ብልጭታ አጠገቡ አይድረስ። ከዚያ ተዪው፤ ለቀናት ይንከር። በየቀኑ ደግሞ ጥቂት ጨምሪ። ቆይቶ መኪናዋን ከማርሽ አውጥታችሁ ከፊት ባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ ዳዶ ላይ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ አስገቡና ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ሞክሩ። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በቂ ነው። እንደገና ይንከር። በዚህ መንገድ ካልለቀቀ ያኔ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይነሳል። እሱ የመካኒክ ሥራ ነው።

ከለቀቀ በኋላም ለማስነሳት አትቸኩዪ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሪ። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ ሲዞር ሲሊንደሮቹ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ይወጣል፣ ዘይቱም በየቦታው ይደርሳል። ከዚያ የግፊት መለኪያ ተውሳችሁ እያንዳንዱን ሲሊንደር ለኩ። ቁጥሩን ጻፊው። ስድስቱ ቢቀራረቡ መልካም ነው። አንዱ በጣም ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩት። ግፊቱ ከጨመረ የፋሻ ችግር ነው። ካልጨመረ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ነው። ይህን ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ሳይለካ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክን «በየትኛው ሲሊንደር ምክንያት?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከዓመታት በፊት የሞተ ነው። እንደ ሙጫ ሆኖ ቧንቧውንና ካርቡሬተሩን ደፍኗል። ለመጀመሪያው ሙከራ ታንኩን ተዉትና በትንሽ ዕቃ አዲስ ቤንዚን በተለየ ጎማ ቧንቧ አገናኙ። ታንኩ በኋላ ይወርድና ይታጠባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ታንኩ ቀዳዳ ካለው «ባዶ ነው» ብሎ ማንም ብየዳ ወይም ግራይንደር እንዳያስነካው። ባዶ የሚመስለው ታንክ ውስጡ በቀረው የቤንዚን ትነት ከሙሉው የበለጠ ይፈነዳል። በዚህ ሰው ሞቷል፤ ዛሬም ይሞታል። የታንክ ጥገና ለዚያ የተዘጋጀ ባለሙያ ሥራ ነው። የጎማ ቧንቧዎቹን ግን ሁሉንም ቀይሪያቸው። በዛሬው ቤንዚን ውስጥ ኤታኖል ከተቀላቀለ የድሮውን ጎማ ያለሰልሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ሞቃት ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪና ያቃጥላል።

ሞተሩ ተነስቶ የሚቋረጥ፣ የሚያጨስ ከሆነ አትደንግጪ። ያ የነከርሽው ዘይት ነው የሚቃጠለው። የማያቆም ሰማያዊ ጭስ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ደግሞ የራዲያተር ፈሳሽ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ መሆኑን ይነግርሻል።

ሞተር ሲነሳ ሰው ይደሰታል። ወንድምሽ «እስኪ ዞር አድርጌ ላምጣት» ማለቱ አይቀርም። አይሆንም በዪው። ፍሬን ገና አልተሠራም።

የዚህ ሞዴል የዚያን ዘመን ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ (ድራም) ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለዓመታት ሲቆም ቧንቧውንና ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። ስለዚህ «ዘይት ጨምረን እናያለን» የሚባል ነገር የለም። ዋናው ፖምፓ፣ በየጎማው ያሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ተጣጣፊ ጎማዎቹ፣ የዛጉት የብረት ቧንቧዎች፣ የፍሬን ሸራዎቹ ይታያሉ። ያረጀው ይቀየራል። በጀትሽ ጠባብ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ፍሬኑ ግን ሙሉ ይሁን። ነገ የሚነዳት የማታውቂው ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚሻገሩትም እንደዚያው።

ከበሮውን ስትከፍቱ ውስጡ የተጠራቀመውን አቧራ በአየር ግፊት አትንፉት። የድሮ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። አቧራው ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ውሃ ረጭታችሁ አርጥቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ለዚህ የሚሆን ማስክም አድርጉ።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆንም ዕድሜያቸውን እይ። ጎኑ ላይ አራት አኀዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ቢል በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ መንገድ ላይ አይወጣም። ባለ ሦስት አኀዝ ካገኘሽ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ወሬ አያስፈልገውም።

መብራትና ሽቦ ላይ ብዙ አልቆይም። አይጥ የበላው፣ ያረጀ ሽፋን ያለው ሽቦ ይቀየር፤ ፊውዝ በትክክለኛው ልክ ይሁን። በቃ።

አሁን ወደ ቀለም ቀቢው እንምጣ። ይሄ ነገር ከልቤ የሚያሳስበኝ ነው።

ሰውየው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሥራው አሮጌን አዲስ ማስመሰል ነው። ግን ያቺ መኪና ከፋብሪካ የወጣችበት ቀለም አንዴ ከተገፈፈ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ሙሉ እድሳት ደግሞ በደንብ ከተሠራ እጅግ ውድ ነው። ቦዲው ከሻንሲው ይነሳል፣ እያንዳንዱ ክፍል ይፈታል፣ ላሜራው ይቆረጣል፣ ይበየዳል። አብዛኛውን ጊዜ የወጣው ገንዘብ በሽያጩ አይመለስም። እንዲህ ዓይነት እድሳት የሚያዋጣው መኪናዋን ለራሱ ለሚያስቀር ሰው ነው። በርካሽ ከተሠራ ደግሞ ዝገቱ ላይ ስቱኮ የሚባለው መሙያ ይለቀለቅና ቀለም ይረጫል። ለጥቂት ወራት ያምራል፣ ከዚያ ያብጣል። ዓይን ያለው ገዢ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ቦዲው ላይ እያስኬደ ይመረምራል። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። አንዴ እንዲህ ካገኘ ሌላውን ሥራሽንም አያምነውም።

ያልተነካ ቀለም ግን ራሱ ይመሰክራል። ፀሐይ ያደበዘዘው ኮፈን፣ ጭነት የቧጨረው ካሶኒ፣ ክንድ የተደገፈበት የበር ጠርዝ፣ እነዚህ መኪናዋ ምን እንደሠራች ያሳያሉ፤ ከሥራቸው ምንም እንዳልተደበቀም ያሳያሉ። ያ በእጅ የተጻፈው የአባትሽ ሱቅ ስም ደግሞ ዋጋ የሚቀንስ እንዳይመስልሽ። ሰብሳቢዎች እንዲህ ዓይነቱን የድሮ የእጅ ጽሑፍ ይፈልጉታል። እንደገና ላስደምቀው ብለሽም አታስነኪው። ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ሰም። ጽሑፉ ላይ ግን ከመቀባትሽ በፊት ከማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪ። ግፊት ያለው የውሃ ማጠቢያ ግማሽ የለቀቀ ቀለምን ጠርጎ ይወስዳል፤ አትጠቀሚ።

ዝገቱን ዝም በዪው ማለቴ አይደለም። የቀጠለው ዝገት መቆም አለበት። ከሥር፣ ከጭቃ መከላከያዎቹ ውስጥ፣ ከወለሉ ላይ ልቅ የሆነውን በሽቦ ብሩሽ አንሺና ዝገት የሚያቆም ቀለም ወይም ሰም መሰል መከላከያ ቀቢ። እዚያ ማንም ስለ መልክ አይጠይቅም። የድሮ ቀለም በውስጡ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አታሹት። እያረጠባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ሕፃናት በሌሉበት ሥሩ።

ለትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለትም ለማጠፊያ፣ ለብሎን፣ ለመያዣ ብረቶች፣ አንቺ ራስሽ የምትሠሪው ጥሩ ዘዴ አለ። በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ትጨምሪያለሽ። ዕቃውን በባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ታስሪዋለሽ። በፖዘቲቩ ላይ የማትፈልጊውን ተራ ብረት ታስሪያለሽ። ሁለቱ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ሲቆዩ ዝገቱ ይለቃል፤ ጤነኛው ብረት አይበላም። በፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት እንዳትጠቀሚ፣ መርዛማ ክሮሚየም ይወጣዋል። ሥራው ሃይድሮጂን ስለሚለቅ ከቤት ውጪ ይሁን፤ ቻርጀሩንም ከማጥፋትሽ በፊት እጅሽን ውሃው ውስጥ አትክተቺ። ለአሉሚኒየም ዕቃ ይህ ዘዴ አይሆንም።

ገንዘብ ልታወጪ ባሰብሽ ቁጥር ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ይሄ ወጪ የገዢውን ፍርሃት ይቀንሳል ወይስ ዓይኑን ብቻ ያስደስታል? የሚነሳ ሞተር፣ የሚይዝ ፍሬን፣ የተሟላ ወረቀት ፍርሃት ይቀንሳሉ። አዲስ የመቀመጫ ቆዳ፣ የሚያብረቀርቅ ፓራውልት፣ ትልቅ ቸርኬ ዓይን ያስደስታሉ። እነሱን ገዢው በራሱ ምርጫ ያድርጋቸው። የእሱ ምርጫ ካንቺ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ከመኪናዋ የወጣ ምንም ነገር እንዳይጣል። የማይሠራው የድሮ ካርቡሬተር እንኳ በላስቲክ ገብቶ ስሙ ይጻፍበት። የፋብሪካው ክሪክ፣ መፍቻዎቹ፣ መመሪያ መጽሐፉ፣ የአባትሽ የድሮ ደረሰኞች ካሉ እያንዳንዳቸው ዋጋ ይጨምራሉ። ቤት ውስጥ በደንብ ፈልጉ። መኪናዋ በሥራ ላይ ሳለች የተነሳችው ፎቶ ከተገኘ ደግሞ ለገዢው ከምትሰጪው ሁሉ የበለጠ ሊያስደስተው ይችላል። ኮፒውን ስጪ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቅር።

አንድ ደብተር ያዢ። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራው ሰው፣ ያወጣሽው፣ የግፊት ቁጥሮቹ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሺ። «እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ» ብለሽ የምትፈሪው ነገር እዚህ ያበቃል። ሴት ስለሆንሽ አታውቅም ብሎ የሚመጣ ገዢ አይጠፋም። ክርክር ውስጥ አትግቢ። ደብተሩን ክፈችና አሳዪው።

ሽያጩ ላይ እንምጣ። ዋጋ ስታወጪ ሰዎች የጠየቁትን ሳይሆን በእውነት የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጊ። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ያንቺን በታደሱት ዋጋ አትለኪ። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዘመን፣ ያልታደሰ ግን የሚሄድ የሚለውን ፈልጊ። የድሮ መኪና የሚያውቅ፣ ራሱ የማይገዛሽና ኮሚሽን የማያገኝ ሰው በክፍያ ቢገምትልሽ ወጪው አያስቆጭም።

ማስታወቂያው ላይ ጉድለቱን ከላይ ጻፊው። «የግራው ወለል ቀዳዳ አለው፣ የነዳጅ መለኪያው አይሠራም፣ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ትንጫጫለች።» ያለውን ሁሉ። ገዢ ከመንገድ ርቆ መጥቶ ራሱ የሚያገኘው ጉድለት ዋጋ ያስወርዳል፤ አስቀድሞ ያነበበው ግን አያስወርድም። ፎቶው በጠዋት ወይም በማታ ፀሐይ ይነሳ። የሥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን አካባቢ፣ የዛገውን ቦታ ሁሉ አካቺ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳም በቪዲዮ ቅረጺ። ገዢ ሲመጣ አስቀድመሽ አታሙቂያት። የሚያውቅ ሰው ኮፈኑን በእጁ ነክቶ ሞቃት ከሆነ ይጠረጥራል።

ለማየት የሚመጣውን ብቻሽን አትቀበዪ። ወንድምሽ ይኑር። መንዳት ከፈለገ መንጃ ፈቃዱን አይተሽ ፎቶ አንሺው፣ ኢንሹራንሱ ይሸፍነው እንደሆነ አረጋግጪ፣ አንዳችሁም አብራችሁ ውጡ። በመጀመሪያው ቀን ትንሹን ዋጋ ይዞ «አሁኑኑ ካሽ» የሚል ይመጣል። ሦስታችሁ አስቀድማችሁ ከዚህ በታች አንሸጥም ያላችሁት ዋጋ ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ እህትሽም ፊቱ ላይ አትደራደርም።

ክፍያ ላይ አንድ የታወቀ ማጭበርበር አለ። ገዢ ነኝ ባዩ መኪናዋን ሳያይ ይስማማል። ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ይልክና «ትርፉን ለሚያጓጉዝልኝ ሰው ላኪለት» ይላል። ቼኩ ከቀናት በኋላ ውድቅ ይሆናል፣ የላክሽው ብር ግን ሄዷል። ከዋጋው በላይ ከሚከፍል ሰው ጋር አትቀጥዪ። ስልክ ላይ የመጣ መልእክትም ክፍያ አይደለም። ባንክሽ ራሱ ገንዘቡ ገብቷል፣ ሊመለስ አይችልም ሲልሽ ብቻ ቁልፉንና ደብተሩን ስጪ። ከባንኩ ውስጥ መገናኘት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል።

ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ እንደተሸጠች፣ የታወቁት ጉድለቶች ዝርዝር፣ የርክክቡ ቀንና ሰዓት ይግባ። ሰዓቱን አትርሺ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለሚደርስ አደጋ ማን ኃላፊ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ወራሾቹ ሦስታችሁም ፈርሙ። ሰሌዳና የባለቤትነት ዝውውሩን በተመለከተ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ የሚጠይቀውን በዚያው ቀን አሳውቂ፣ ኢንሹራንሱን አዘጊ፣ የሁሉንም ኮፒ አስቀሪ። ከዚያ በጽሑፍ በተስማማችሁት መሠረት መጀመሪያ ወጪ ያወጣው ወጪውን ያንሳ፣ ቀሪውን ተካፈሉ።